ባሌን ዕቃ ቤት አስገብታ ለቆለፈችበት

ውድ ጓደኛዬ፣

«ውድ» ያልኩሽ እጄ ስለለመደው ነው። ልሰርዘው ብዬ ነበር፣ ወረቀት ማበላሸት ነው ብዬ ተውኩት። ስልክሽን የማላነሳው ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልሽ፤ ሆን ብዬ ነው። ድምፅሽን ከሰማሁ እሳደባለሁ፣ ስሳደብ ታለቅሻለሽ፣ ስታለቅሺ አባብልሻለሁ፣ ነገሩም በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። ስንቱ ነገር በመሀላችን እንዲያ ሆኖ ቀርቷል። ይኼ ግን አይቀርም። ስለዚህ እኔ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ። «እሱ እኮ ምን መሰለሽ» እያልሽ መሀል ላይ መግባት ዛሬ የለም።

ባሌን ቆልፈሽበታል። ነገሩ ይኼ ነው፣ ሌላ ስም አታውጪለት። ለማኅበሩ ጸሐፊ «ጸጥ ባለ ቦታ እንዲያርፍ ብዬ ነው» አልሻት አሉ። ወይ ማረፍ! ሰው ሲያርፍ ከውጭ ይቆለፍበታል? በተሰባበረ ወንበርና በአሮጌ ክራንች ክምር መሀል ማን አርፎ ያውቃል? ጸጥታው ይኼን ያህል ደስ ካለሽ አንቺው ገብተሽ ለምን አላረፍሽበትም?

እንዴት እንደተዋወቅን በየስብሰባው ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ። ታሳምሪዋለሽ፣ እውነቴን ነው። «በሆስፒታል ኮሪደር የተገናኘን ሁለት ሚስቶች» ትያለሽ፣ ሰው ዓይኑን ይጠርጋል። ዘለሽ የምታልፊውን ግን እኔ ልንገርሽ። ያንቺን ባል ሞተር ሳይክል ጥሎት አከርካሪው ተጎድቷል። የኔው የፀጉር ቤቱን ታፔላ ሊሰቅል ወጥቶ መሰላሉ ከድቶት በጭንቅላቱ ወርዷል። ላንቺ ሐኪሙ «ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም» ብሎሻል። ለኔ ደግሞ «ይነቃል፣ ግን የምታውቂው ሰው ሆኖ ላይነቃ ይችላል» ብሎኛል። ሁለታችንም አግዳሚው ላይ ተዘርግፈን ሳለ ካንዲት ብስኩት ግማሿን ቆርሰሽ ሰጠሽኝና «ያንቺው እግር አለው፣ የኔው ጭንቅላት አለው፣ አይዞሽ፣ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ባል አለን» አልሽኝ። እንዴት እንደሳቅን! ነርሷ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለይ ብሏት «እባካችሁ ውጭ!» ብላ አባረረችን። ያቺን ሴት ነው የምወዳት። አሁን ማይክ ይዛ የምትቆመዋን አላውቃትም።

ደግሞም ቀልዱ እውነት ሆነ። የኔው የአንቺን ባል ዊልቸር ይገፋል፣ ያንቺው ደግሞ መንገዱን ይነግረዋል። የኔ ባል ብቻውን ከወጣ የገዛ ቤቱ በር ይጠፋዋል፤ ያንቺው ብቻውን ከወጣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያበቃለታል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የማይደርሱበት የለም። ቲማቲም ሊገዙ ሄደው ባለሱቁ «መልሱን ለማን ልስጥ?» ሲላቸው የኔው «ለተቀመጠው ስጠው፣ እኔ እጥለዋለሁ» አለ፣ ትዝ ይልሻል? ያንቺው ከሳቁ የተነሳ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ማኅበሩን ያቋቋምነው እኮ እነሱን አይተን ነው! ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ ያለችውን ቤት ተከራይተን፣ ግድግዳውን ራሳችን ቀብተን፣ ስም ስናወጣ «ጭንቅላት ከላይ ነው፣ እሱ ይቅደም» ያልሽው አንቺ ነሽ። የጭንቅላትና የአከርካሪ ጉዳተኞች ማኅበር። ጭንቅላት፣ ቀጥሎ አከርካሪ። ያንቺው ቃል ነው።

መቼ እንደተቀየርሽ ግን አውቃለሁ። የኢንሹራንስ ኩባንያዋ ሴትዮ ስፖንሰር ልትሆን የመጣች ጊዜ ነው። ባሌ ፊቷ ቆሞ ትኩር ብሎ አያትና «ዊግሽ ተጣሟል እመቤት፣ ላስተካክልልሽ?» አላት፤ መልሷን ሳይጠብቅ አስተካከለላት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሱ አፍ እንደሆነ ከወደቀ ጀምሮ ያሰበውን ሁሉ እንዳለ ማስወጣት ነው፣ መዝጊያ የለውም። አንቺ ያኔ ገረጣሽ። እኔም ደንግጫለሁ፣ አልዋሽም። ቢሆንም ዊጉ ተጣሞ ነበር! ዕድሜውን ሙሉ የሰው ራስ ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው፣ አይቶ ዝም ይበል? ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር የኔውን ዓይን ዓይኑን ማየት ጀመርሽ። ቤት ውስጥ ሕፃን ብርጭቆ ሲያነሣ እንደሚታየው ማለት ነው።

ወደዚያ ቀን ልምጣ። የቀለም ፋብሪካው ባለቤት ሊጎበኘን ነው፣ ስፖንሰርነቱ ከተሳካ ፊዚዮቴራፒስት እንቀጥራለን፣ ቤቱም ይሰፋል ብለሽ ሳምንቱን ሙሉ አላስተኛሽንም። ከላውንደሪው ሥራዬ ሳልወጣ ያንቺን ባል ሙሉ ልብስ ተኩሼ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። የባሌንም ነጭ ሸሚዝ ተኮስኩ። ጠዋት ፂሙን ራሱ ተላጨ፤ እጁ ይኼን አልረሳም። በር ላይ ሳደርሰው «አንቺ ሂጂ፣ ሥራሽ እንዳይረፍድብሽ፣ እኔ አለሁ አይደል?» አልሽኝ። ኮሌታውንም አስተካከልሽለት። እሱ ደግሞ እንደልማዱ «ፀጉርሽ አድጓል፣ ነገ ነይ» አለሽ፣ ሳቅሽለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ኮሌታውን ስታስተካክዪ ዕቃ ቤቱን አስበሻል። ቁልፉ ኪስሽ ውስጥ ነበር።

አለቃዬን ለምኜ ቀደም ብዬ ወጣሁና ልክ እንግዳው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ደረስኩ። መጀመሪያ ያየሁት ባነሩን ነው። ትልቅ፣ አዲስ፣ የሚያበራ። የአከርካሪ ጉዳተኞች ማኅበር ይላል። ጭንቅላት የለም። የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሎኝ፣ ሞኟ፣ ላንቺ አዘንኩልሽ! ውይ ይኼን ሲያሳስቱባት እንዴት ተናዳ ይሆን ብዬ። ከዚያ ባሌን ፈለግሁ። ፊት ወንበር የለም፣ ኋላ ወንበር የለም። ያንቺ ባል በተኮስኩለት ልብስ አምሮበት መድረኩ ሥር ተቀምጧል፤ ከኋላው ግን ዊልቸሩን የያዘው የማላውቀው ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነው።

ከዚያ ሰውየው ጠየቀሽ። ለዘብ ያለ፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው፤ ማይኩን እንኳ አልያዘም። «የማኅበራችሁ ስም ላይ ጭንቅላት የሚልም አንብቤ ነበር። እነሱስ የታሉ?» አለ። አንቺም ዓይንሽን በጨው አጥበሽ፣ ፈገግ ብለሽ፣ በማይክ «እነሱ ጥቂት ናቸው፣ ዛሬ የሕክምና ቀጠሮ ስላላቸው አልመጡም» አልሽ። ያን ስትይ አየሽኝ። በሩ ላይ ቆሜ አየሽኝና ዓይንሽን መድረኩ ላይ ወዳለው አበባ መለስሽ። ሰውየው እኮ ራሱ ጠየቀ! ማንም ሳያስገድደው የታሉ ብሎ ጠየቀሽ!

ዘበኛውን ያዝኩት። ገና ሳልጠይቀው አንገቱን ደፋ። «እኔ ታዝዤ ነው እህቴ። ቁልፉን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው» አለኝ። ሲከፍተው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጭንቅላታቸው ከተጎዳ አባሎቻችን ሁለቱ አሉ። የታክሲ ሹፌሩ የፍራሽ ጥቅል ላይ ተኝቷል፤ እሱ እንኳ የትም ቢያስቀምጡት ይተኛል። ያቺ ቃል የሚጠፋባት የባንክ ሠራተኛ ልጅ ደግሞ ጥግ ይዛ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍናለች፤ ያንቺ ድምፅ ማጉያ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠው ነበር፣ እሷ ጩኸት እንደማይሆንላት ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ባሌ የለም። መስኮቱ ተከፍቷል። ሹፌሩን ቀስቅሼ «የት ሄደ?» ስለው «ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ወጣ» አለኝና መልሶ ተኛ።

አሁን የምጽፈውን ደግመሽ አንብቢው። ዘበኛውን ላክሁብሽ። ሰውዬው በመስኮት ወጥቶ ጠፍቷል፣ መንገድ ማቋረጥ አይችልም፣ ሰው ይሰጠንና እንፈልገው ብሎ ጆሮሽ ላይ ነገረሽ። አንቺ ምን አልሽ? «እንግዶቹ ይውጡና።» በቃ። ኬክ እየቆረጥሽ ነበር። እንግዶቹ ይውጡና! እኔ በዚያች ሰዓት በዚያ መኪና በሚበርበት አስፋልት ጠርዝ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሁሉ ባሌ እየመሰለኝ ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ በባዶ እግሬ እሮጣለሁ፣ ከኋላዬ ደግሞ ጭብጨባችሁ ይሰማኛል። መኪና ጡሩንባ ባሰማ ቁጥር አበቃ፣ ሞተ እያልኩ ነበር። አንቺ ይኼን ስሜት ታውቂዋለሽ። ያንቺው ከሞተሩ ላይ የወደቀ ቀን ስልክ ጮኾ ያነሣሽው ጊዜ የተሰማሽን ነግረሽኛል። አውቀሽ ነው ለኔ ደግመሽ ያሰማሽኝ።

የት እንደተገኘ አልጠየቅሽም፣ ስለዚህ ልንገርሽ። የድሮ ፀጉር ቤቱ ነው የተገኘው። ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፣ ግን ቦታውን እግሩ ያውቀዋል። ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንዳቋረጠ እግዜር ነው የሚያውቀው። በር ላይ ቆሞ የስልክ ካርድ ሊገዛ የሚገባውን ሁሉ «ግባ፣ ተራህ ነው» ይላል። የሱቁ ባለቤት ወጣት ሴት ናት፣ አታውቀውም። አልጮኸችበትም፣ ዘበኛ አልጠራችም፣ አልቆለፈችበትም። ወንበር አውጥታ «ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ የለም፣ ትንሽ ዕረፉ» ብላ አስቀመጠችው፣ አንገቱ ላይ ካሰርኩለት ካርድ ቁጥሬን አይታ ደወለችልኝ። ስደርስ ለስላሳ ገዝታለት እየጠጣ ነበር። እኔን ሲያይ «ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል» አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንግዲህ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ያቺ ልጅ ስለ ጭንቅላት ጉዳት ሥልጠና ወስዳለች? ባነር አሳትማለች? እንዴት አወቀችው አንቺ የጠፋብሽን?

ማታውን ስትደውዪ አነሣሁ፣ ይቅርታ ትያለሽ ብዬ። አንቺ ግን የሆነውን ሁሉ ትተሽ «ለሁላችን ብዬ ነው» አልሽኝ። «ለአንድ ሰዓት ብቻ እኮ ነው» አልሽኝ። ይሁን፣ እሱን እንኳ እችለው ነበር። ከዚያ ግን ያቺን ነገር አመጣሽ። «ደግሞ ያንቺው ቢያንስ በእግሩ ይሄዳል» አልሽ።

ስልኩን የዘጋሁብሽ ለዚህ ነው። አዎ፣ ይሄዳል! ባይሄድማ መቼ ይቆለፍበት ነበር? ያንቺውን ማንም አይቆልፍበትም፤ ዊልቸሩን ራቅ አድርጎ ማቆም ይበቃል። እንዲህ እንድጽፍ ማድረግሽ ራሱ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ባልሽን እወደዋለሁ፤ በሱ እግርና በባሌ ጭንቅላት መካከል ሚዛን ይዤ ቆሜ አላውቅም። ያንቺው የሚያልፍበትን አያለሁ። ሌሊት ስታገላብጪው ወገብሽ እንደሚቆረጥ፣ ቁስል እንዳያወጣ እየተነሣሽ እንደምታዪው አውቃለሁ፤ ተክቼሽ አድሬ አውቃለሁና። ግን ያንቺው ስታዝኚ ያዝንልሻል። ሲደክምሽ «ደከመሽ» ይልሻል። የኔው አንዳንድ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በትሕትና «እመቤት፣ ባለቤቴ የት ሄደች?» ይለኛል። እኔ ላንቺ ይኼን ነገር አንሥቼ «ያንቺው ቢያንስ ያውቅሻል» ብዬሽ አውቃለሁ? አንድ ቀን? አፌን ይዤ ኖርኩ እንጂ!

ይባስ ብሎ ጸሐፊዋ ትናንት የነገረችኝን ስሚ። ዓርብ ሰውየው ሊፈራረም ይመጣል፤ የጭንቅላቶቹን ለጊዜው ለይተን ሌላ ቀን ሌላ ቤት እናስብላቸዋለን ብለሽ ኮሚቴውን አሳምነሻል። «ሌላ ቤት።» እህህ! ስንት ጊዜ ነው የሰማነው ይኼን? ልጅቷን ባንኩ ያሰናበታት «ሌላ ቦታ እናስብልሻለን» ብሎ ነው። ሹፌሩን ልጆቹ «ሌላ ክፍል» ብለው ነው ያዛወሩት፣ ክፍሉ ጋራዥ ነው። እነዚህ ሰዎች ከየቦታው «ሌላ» እየተባሉ መጥተው በመጨረሻ እኛ ጋ ደረሱ። ከኛ ወዲያ የት ነው የሚሄዱት? ዓርብ ያ ፊርማ ሲፈረም ያለ እነሱ ከሆነ በቃ፣ ሰፈር ውስጥ ባላቸው አንድ በር ላይ ቁልፍ ዞረ ማለት ነው። ባሌ ደግሞ ያንቺን ባል መግፋት ካቆመ ከቤት የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ግድግዳ እያየ ይቀመጣል፤ አይቼዋለሁ እንዴት እንደሚሆን፣ በወደቀበት ዓመት አይቼዋለሁ። ሁለተኛ አላየውም።

አንድ የማታውቂው ነገር አለ። ባልሽ ደውሎልኛል። ከጀርባሽ መሆኑ እንዳይከፋሽ፤ አንቺም ከጀርባው ብዙ ሠርተሻል። «ታሟል ነው ያለችኝ» አለ፣ ድምፁ ሰለለ። «መድረክ ሥር ተቀምጬ እግዜር ይማረው እያልኩ ስጸልይለት ነበር፣ ለካ ከግድግዳው ወዲያ ነው።» ከዚያ ደግሞ እንደ ልማዱ ቀልድ አመጣ። «ያ ባለ ከረባት ሰውዬ ከበር መቃኑ ጋር ሁለቴ አላተመኝ። እግሬ አይሰማኝም ብሎ ነው መሰለኝ» አለ። ሳንስቅ ቀረን። መጨረሻ ላይ «ንገሪያት፣ ዓርብ የሚገፋኝ እሱ ነው። እሱ ካልገባ እኔም አልገባም። ማይኩን ይዛ ብቻዋን ትቁም» አለኝ። ይኸው ነገርኩሽ።

እንግዲህ ዓርብ የሚሆነው ይኼ ነው። ባሌ ነጩን ሸሚዙን ይለብሳል። ያንቺን ባል እየገፋ በዋናው በር ይገባል፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሹፌሩ ይመጣል፣ ቢተኛም ፊት ለፊት ነው የሚተኛው። ልጅቷ ትመጣለች፣ ድምፅ ማጉያውን ትቀንሺዋለሽ። ሰውየው የታሉ ብሎ ጠይቋል፤ ካልነገርሽው እኔ ይኸው እለዋለሁ። ባሌ አፉን ይከፍት ይሆናል። ሰውየው ትንሽ ራሰ በራ ነገር ነው፣ አንድ ነገር ሳይለው እንደማይቀር እኔም እጠብቃለሁ። ከሸሸ ይሽሽ። በፊዚዮቴራፒስቱ አዝናለሁ፣ ለባልሽ እግርም አዝናለሁ፣ ግን እኛን ደብቀን ያገኘነው ስፖንሰር ምን ሊረዳ ነው የመጣው?

እኔ እንድትጠፊ አልፈልግም። ኮሚቴው ፊት እንድትዋረጂም አልፈልግም። ይኼን ስል ደግሞ ታርቄሽ እንዳይመስልሽ። ንዴቴ እንዳለ ነው፣ ገና ትኩስ ነው፣ ሸሚዝ ስተኩስ እንኳ ካውያው እጄ ላይ ይከብደኛል።

እሱማ እንደምታውቂው ነው። አንዳንድ ጠዋት እኔን ካልሆነ ሰው አይረሳም፣ የሆነውን ነው የሚረሳው። ዛሬ ጠዋት «ጓደኛሽ ጠፋች፣ አሟት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ቆልፋብህ ነው የማትመጣው አልኩት። አያድርስ ነው፤ እንደ አዲስ ሰማው፣ ፊቱ ተቀያየረ፣ «እኔን? ምን አድርጌያት?» ብሎ እንባው ወረደ። ቁርስ በልተን ሳንነሣ ረሳውና «ጓደኛሽ ጠፋች፣ አሟት ነው?» አለኝ። እንደገና ነገርኩት፣ ደግሞ አለቀሰ። ሦስተኛ ሲጠይቀኝ «አዎ፣ ትንሽ አሟታል» አልኩት። ከዚህ በኋላ አልነግረውም። እሱ መናደድ የሚችለው ለአንድ ቁርስ ያህል ነው፤ የቀረውን ለሁለታችንም እኔ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ዓርብ ሲያይሽ ምንም አያውቅም። በሰው ሁሉ ፊት፣ ያንቺን ባል እንኳ መሀል ላይ ትቶ፣ እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ወዳንቺ ነው የሚመጣው። «እንኳን ተሻለሽ» ይልሻል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያኔ ምን እንደምታደርጊ አያለሁ።

እስከ ዓርብ ደህና ሁኚ።

እኔ ነኝ